«አንቺ ዐርፈሽ ተቀመጪ»

ለንደን ውስጥ በአንድ የአእምሮ ጤና ማገገሚያ ክፍል በኦኩፔሽናል ቴራፒስትነት ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ሥራዬን ሲጠይቁኝ ግን እስከ ዛሬ በአንድ ቃል መልሼላቸው አላውቅም። «የሥራ ሕክምና» ስላቸው ሥራ ላጣ ሰው ሥራ የማፈላልግ ይመስላቸዋል፤ «የሙያ ሕክምና» ስላቸው ደግሞ ልብስ ስፌት የማስተምር አድርገው ይረዱታል። ሙያው የሚመለከተው ሰው ከእንቅልፉ ከነቃበት ሰዓት አንሥቶ ተመልሶ እስኪተኛ ድረስ ጊዜውን የሚሞላበትን ነገር ሁሉ ነው፤ ፊት መታጠቡን፣ አልጋ ማንጠፉን፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሱን፣ ጎረቤት መጠየቁን፣ ደመወዝ የሚያስገኘውንም ሥራ። በቋንቋችን ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ውሎ» ይመስለኛል። እኔ የማደርገውም ሕመም ውሎውን ያፈረሰበት ሰው ያንኑ ውሎ መልሶ እንዲገነባ ማገዝ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሡኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገኘኋቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ስኪዞፍሬኒያ ከያዛቸው ከዐሥር ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ወደ እኛ ሲመጡ የሚሰሟቸው ድምፆች በመድኃኒቱ ኃይል ቀንሰው ነበር፤ ከአልጋ የመነሣት ፍላጎታቸው ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ሕመም ሲወራ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጎልቶ የሚታየውን ምልክት፣ ማለትም በሌለ ድምፅ መረበሽን፣ ሰውን ያለ ምክንያት መጠርጠርን፣ ብቻን ማውራትን ነው። ዝም ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይቀራል። ሰውየው የሚወደውን ነገር ለመጀመር እንኳ አቅም ያጣል፤ ፊቱ ስሜት አያሳይም፤ ቀኑና ሌሊቱ ይደባለቅበታል። የመድኃኒቱ ድብታና የእጅ መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ቤተሰብ ነገሩን ስንፍና ወይም ኩርፊያ አድርጎ ይወስደዋል። መድኃኒት ድምፁን የሚያርቀውን ያህል ይህን ዝምታ አያርቀውም፤ የእኔ ሙያ አስፈላጊነት ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

እዚህ አገር ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ራሱን ችሎ መኖር መቻሉን ለማወቅ ከምናደርጋቸው ነገሮች አንዱ ወጥ ቤት አስገብቶ ቀላል ምግብ ሲያዘጋጅ መመልከት ነው። በተለምዶ የሚመረጠው ሻይ በወተትና የተጠበሰ ዳቦ ነው። እኔም እኚህን እናት በዚሁ ልማድ ወጥ ቤት አስገባኋቸው። ዳቦ መጥበሻው ፊት ቆመው ዝም አሉ። የጎኑን እጀታ ወደ ታች መጫን እንዳለባቸው ስነግራቸው ጫኑት፤ ዳቦው ዘሎ ሲወጣ ደነገጡና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወተቱን ከሻይ ቅጠሉ በፊት ቀዱት። በሪፖርቴ ላይ የሥራ ቅደም ተከተል መጠበቅ እንደሚቸገሩ፣ ያለ ሰው እገዛ ወጥ ቤት መግባታቸው እንደሚያሰጋ ጻፍኩ። በአማርኛ እያናገርኳቸው፣ የመጣሁበትም ቤት የእሳቸውን የመሰለ ሆኖ ሳለ፣ እኚህ ሴት በሕይወታቸው ስንት ጊዜ ዳቦ በመጥበሻ አብስለው እንደሚያውቁ ለመጠየቅ አላሰብኩም። የምንጠቀምባቸው መመዘኛዎች ራሳቸው ሰውየው የሚያውቀውንና ለኑሮው የሚያስፈልገውን ሥራ ምረጡ ይላሉ። ጥፋቱ ከእኔ ነበር።

ስሕተቴን ያወቅሁት ልጃቸው ለጥየቃ መጥታ እናቷ ቤት ውስጥ እንዴት ይውሉ እንደነበር ስጠይቃት ነው። «ምንም አታደርግም» አለችኝ። «አሟታል ብዬ ሥራ ሁሉ እኔ ነኝ የምሠራው። ‹እማዬ፣ አንቺ ዐርፈሽ ተቀመጪ› እላታለሁ። ድሮ ግን ሰፈር ውስጥ እንደ እሷ እንጀራ የሚጋግር አልነበረም፤ ለሠርግ ሁሉ ትጠራ ነበር።» ይህን ስትናገር እናትዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

በእኛ ባህል ለታመመ ሰው ፍቅር የምንገልጸው ሥራውን ከእጁ በመውሰድ ነው። ለጉንፋንና ለቁስል ይህ ደግ ነገር ነው፤ ሕመሙ ሲያልፍ ሥራው ወደ ባለቤቱ ይመለሳልና። ለዓመታት ለሚቆይ የአእምሮ ሕመም ግን የወሰድነውን የምንመልስበት ቀን አይመጣም። መጀመሪያ ምጣዱን እንወስዳለን፣ ቀጥሎ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ የቤቱን ቁልፍ፣ በመጨረሻም ለእንግዳ ቡና የማቅረቡን ነገር። ያች ሴት ባለሙያ ተብላ የኖረች ናት፤ በአማርኛ «ባለሙያ» ማለት ደግሞ እጇ የሚጣፍጥ ብቻ አይደለም፣ በሰው ዘንድ የተከበረች ማለትም ነው። ሙያዋን ስንወስድ ክብሯን አብረን እንወስዳለን፣ ከዚያም ለምን ዝም አለች ብለን እናዝናለን። ይህን ልጅቷን ለመውቀስ አልጽፈውም። ሁለት ሥራ እየሠራች እናቷን ያለማንም እገዛ የምታስታምም ልጅ ናት፤ ሌላ መንገድ እንዳለም ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

እንጀራ እንዲጋግሩ ተስማማን። ለዚህ ሙያ እንጀራን የመሰለ ሥራ አላየሁም፤ ምክንያቱም በአንድ ሰዓት ተጀምሮ የሚያልቅ አይደለም። ዱቄቱን ነፍቶ በእርሾ ማቡካት አንድ ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ከላይ ያቀረረውን ውኃ ማፍሰስ፣ ከሊጡ ጥቂት ወስዶ በፈላ ውኃ አብስሎ አብሲት መጣል፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፣ ምጣዱን አስሶ ከዳር ወደ መሀል እያዞሩ ማፍሰስ፣ ዓይን ሲያወጣ መክደን፣ በሰፌድ ማንሣት ይከተላሉ። እያንዳንዱን እርምጃ ስንመረምረው የሚጠይቀው የተለየ ነው፤ አንዱ የክንድ ጉልበት፣ ሌላው ትዕግሥት፣ ሌላው ሙቀትን በዓይን የመለካት ችሎታ፣ ሌላው ደግሞ ትናንት የተጀመረን ነገር ዛሬ የማስታወስ ነው። በእኛ ሙያ የሥራ ትንተና የምንለው ይህን ነው። ነገን ማሰብ ላቃተው ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ሊጥ ነገን ያስጠብቃልና።

ልጅቷ እርሾውን ከቤት በውኃ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ምጣዱ ከአበሻ ሱቅ ተገዝቶ ነበር፤ ሆኖም ከውጭ የገባ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ሳይፈተሽ ክፍላችን ውስጥ አይሰካም ስለተባለ ፈታሹ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። መዘግየቱ አልጎዳንም፤ ሥራውን በደረጃ ከፋፍለን ለመጀመር ጊዜ ሰጠን። በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቅኋቸው ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው ዱቄቱን እንዲነፉ ብቻ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል። በሁለተኛው ሳምንት አቦኩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሰፋ ያለና ከሥሩ የማይንሸራተት ሳሕን አቀረብኩላቸው፤ እሳቸውም በተቀመጡበት ያሹት ጀመር። ውኃውን እኔ ሳፈስ እጄን ያዙኝና «ቀዝቃዛ ነው፤ በዚህ ብርድ መቼ ሊቦካ ነው?» አሉኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሳይጠየቁ የተናገሩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። ሊጡን ከግድግዳው ማሞቂያ አጠገብ አስቀመጡት፣ በፎጣም ሸፈኑት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ስገባ ነርሷ ጠራችኝ። እስከ እኩለ ቀን ከአልጋ የማይወርዱት እናት በነጠላ ተሸፋፍነው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ በሩ ተቆልፎባቸው ነው። ስከፍትላቸው ምንም ሳይሉ ገቡና ፎጣውን ገልጠው አሸተቱ። «ገና ነው» ብለው መልሰው ሸፈኑት። ያን ቀን ቁርስ ከሰው ጋር በሉ።

የመጀመሪያው ቀን እንጀራ አልተሳካም። ምጣዱ አልጋለምና ሊጡ ተጣበቀ፣ እሳቸውም ተናድደው ወጡ። በሳምንቱ ግን ተመለሱ፤ ዓይኑ የወጣ እንጀራም አወጡ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በላ። ድምፆቹ አልጠፉም፤ መድኃኒቱም ይቀጥላል። ሥራ ብቻውን ስኪዞፍሬኒያን ይፈውሳል ብዬ ማንንም ማሳሳት አልፈልግም። የተለወጠው ቀናቸው ነው፤ የሚጠብቁት ነገር አገኙ። ሪፖርቴንም እንደገና ጻፍኩ፤ ሦስት ቀን የሚፈጅን ሥራ ቅደም ተከተሉን ጠብቀው እንደሚፈጽሙ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሙያው በዚህ ስም የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ስፍራ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጆርጅ ባርተን በሳንባ ነቀርሳና በአንድ ጎን ሽባነት የተሠቃየ አርክቴክት ነበር፣ ማለትም ሕክምናውን በራሱ አካል ላይ የሞከረ ሰው። በእንግሊዝ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1930 በብሪስቶል የከፈቱት ዶክተር ኤሊዛቤት ካሰን ናቸው። ቀደም ሲል በሚሠሩበት የአእምሮ ሆስፒታል ያለ ሥራ ተቀምጠው የሚውሉት ሴቶች አንድ ጊዜ ለገና በዓል ጌጥ እንዲሠሩ ወረቀት ሲሰጣቸው የክፍሉ መንፈስ እንዴት እንደተለወጠ ማየታቸው ለዚህ እንዳነሣሣቸው ይነገራል። በዚያው ልክ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። የድሮዎቹ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሕሙማንን በእርሻና በልብስ እጥበት ያለ ክፍያ ያሠሩ ነበር፤ ይህንንም ሕክምና ብለው ይጠሩት ነበር። ልዩነቱን የማየው ሥራውን ማን መረጠው፣ ፍሬውስ ለማን ነው በሚሉት ጥያቄዎች ነው። ሕመምተኛን እጁ ሥራ እንዳይፈታ ብቻ ዶቃ ማሰካት እኔ ሕክምና አልለውም።

በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲባል የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። የዚህ ሙያ የዲግሪ ትምህርት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር መክፈቱን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። ባለሙያ እስኪበዛ ድረስም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እንደማያስፈልግ ያሳየ ሥራ አለ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው 166 ሰዎች መካከል ከፊሎቹን ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ ለአንድ ዓመት ያህል የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ወደ ቤት ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ አገዟቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የዕለት ኑሯቸውን የማከናወን አቅማቸው ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ተሻሽሏል። ሠራተኞቹ የጤና ባለሙያዎች አልነበሩም።

ስለዚህ የታመመ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ምን እናድርግ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በመጀመሪያ ከመታመሙ በፊት ምን ይወድ እንደነበር አስታውሱ እላለሁ። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ሳይሆን ጋብ ባለ ጊዜ፣ ከዚያ ሥራ ትንሿን ቁራጭ ብቻ መልሱለት፤ ሽንኩርት መላጥ ይሆናል፣ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ መልሱን ማምጣት ይሆናል። ሰዓቷ በየቀኑ አንድ ትሁን፤ መድኃኒቱ የሚያደክመው ከሆነ ድብታው ከለቀቀው በኋላ ይሁን። ሥራው እውነተኛ ይሁን፤ የላጠው ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ይግባ፣ የገዛው ዳቦ ይበላ። አበላሽቶ ሲሠራ አትንጠቁት። ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔም ክፍያ እየተከፈለኝ የምሠራው ሰው እጄን ወደ ኋላ አድርጌ መቆም የለመድኩት ብዙ ቆይቼ ነው። እሳትና ስለት የሚያሰጋችሁ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ፣ ወይም ያን ክፍል ለጊዜው አቆዩት፤ ሥራውን ሁሉ ግን በዚያ ሰበብ አትውሰዱ።

እኚያ እናት ከመውጣታቸው በፊት እንደ ደንቡ ቤታቸውን ለማየት ሄጄ ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ ልጅቷ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰኞ ማቡካት፣ ረቡዕ አብሲት፣ ከሥሩም የመድኃኒቱ ሰዓት። ምድጃውን፣ መብራቱንና የበሩን መዝጊያ ስመለከት ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ የሊጡን ክዳን ልትከፍት እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አሏት እናቷ ከሳሎን ሆነው። «የእኔ ነው።»