ኳሱ የተመታባት ቅጽበት

ኦፍሳይድ ላይ ስንጨቃጨቅ ሁሌ የምናወራው ስለ መስመሩ ነው። የማን ጉልበት አለፈ፣ የማን ትከሻ ቀደመ። እኔ በታችኛው ሊግና በታዳጊዎች ውድድር ባንዲራ ይዤ የሮጥኩ ሰው ነኝ። ያንን ሥራ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከባዱ መስመሩ አይደለም። ከባዱ ኳሱ መቼ ተመታ የሚለው ነው። ኦፍሳይድ የሚለካው ጓደኛው ኳሱን በመታባት ቅጽበት አጥቂው ተከላካዩን ቀድሞ እንደሆነ በማየት ነውና።

ረዳት ዳኛ ከግብ ጠባቂው ቀጥሎ ካለው የመጨረሻ ተከላካይ ጋር እኩል ይሆናል። ተከላካዩ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ሜዳው ከዓይኑ እንዳይጠፋ በጎኑ ይሮጣል። ዓይኑ ተከላካዩና አጥቂው ላይ ነው። ኳሱን የሚያቀብለው ልጅ ግን 30 ወይም 40 ሜትር ርቆ፣ ሌላ አቅጣጫ ላይ ነው ያለው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። ስለዚህ በጆሮህ ትሠራለህ። እግር ኳሱን ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ ትጠብቃለህ፤ ድምፁ በተሰማባት ቅጽበት አጥቂው የት እንደነበር በዓይንህ ትይዛለህ። ጠዋት አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ ተመልካች ሳይበዛ፣ ይሄ ዘዴ ይሠራል። ከበሮው ሲደምቅና ደጋፊው መዝፈን ሲጀምር ግን ምንም አይሰማም። በግምት ትገባበታለህ።

ቫር፣ ማለትም በቪዲዮ የሚታገዘው ዳኝነት፣ ሲመጣ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀለት መስሎት ነበር። አላለቀም። በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሳ ካሜራ እንውሰድ። ፈጣን አጥቂ ሲፈተለክ በሰከንድ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። አስሉት፤ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ 20 ሴንቲሜትር ያህል ሄዷል ማለት ነው። ተከላካዩም በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት እየወጣ ከሆነ ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል። ታዲያ ኳሱ የተነካበት ምስል የትኛው ነው? የሚመርጠው የቫር ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነበር፣ በዓይኑ። ከዚያ በኋላ ያ ምስል ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይሰመርበታል። ጎል በብብት ሲሻር ያበሳጨኝ የነበረው ይሄ ነው። መስመሩ ያን ያህል ቀጭን ሆኖ፣ የቆመበት ቅጽበት ግን ወፍራም ነበር።

ለዚህ ነው በፈረንጆቹ 2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ከታዩት አዳዲስ ነገሮች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ኳሱ ውስጥ የገባው ሴንሰር የሆነው። ሰው የተደነቀው ኦፍሳይዱን በሚያሳየው አኒሜሽን ነበር። በስታዲየሙ ጣሪያ ሥር 12 ካሜራዎች ነበሩ። የእያንዳንዱን ተጫዋች አካል 29 ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላሉ። ኳሱ ግን እንቅስቃሴውን በሰከንድ 500 ጊዜ ይልካል። 20 ሴንቲሜትር የነበረው ክፍተት ወደ 2 ሴንቲሜትር ወረደ እንደማለት ነው። እርግጥ የተጫዋቹ አካል ያኔም የሚለካው በሰከንድ 50 ጊዜ ነበር፤ በመሐል ያለውን ኮምፒውተሩ አስልቶ ይሞላው ነበር። የተመታበት ቅጽበት ግን ከሰው ግምት ወጣ። በመክፈቻው ጨዋታ ገና በ3ኛው ደቂቃ የኢኳዶሩ ቫሌንሲያ በጭንቅላት አስቆጥሮ ጎሉ ሲሻር ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። ያለፈው የኢስትራዳ እግር ነበር። ያንን እግር እኔ መስመር ላይ ብሆን አላየውም ነበር። ማንም አያየውም።

ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ተጫዋቾቹ ከማሊያው ሥር የሚለብሱት፣ ጡት መያዣ የሚመስለው ጥቁር ልብስ ጂፒኤስ አለው አይደል? ለምን እሱን አይጠቀሙም? እሱ ለሌላ ነው። መሣሪያው የሚቀመጠው ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሐል ነው። ኦፍሳይድ የሚወሰነው ደግሞ በእግር ጣት፣ በጉልበት፣ በጭንቅላት ነው። ጂፒኤስ ለዚህ የሚበቃ ጥራትም የለውም። ልብሱ ጥሩ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፦ ምን ያህል ሮጠ፣ ስንት ጊዜ ፈተለከ፣ ስንት ጊዜ በድንገት ቆመ። አሠልጣኙ ይሄንን አይቶ የደከመውን ልጅ ጡንቻው ሳይበጠስ ያሳርፈዋል። የጨዋታ ሕግ አውጪው አካል በፈረንጆቹ 2015 በጨዋታ ላይም እንዲለበስ ፈቅዷል። ጥሩ ነገር ነው። ከዳኝነት ጋር ግን አይገናኝም።

ኳሱ ውስጥ ስላለው ሴንሰር የምከራከርበት ነገርም አለኝ። ጁን 29 ቀን 2024፣ የአውሮፓ ዋንጫ፣ ዶርትሙንድ፣ ጀርመን ከዴንማርክ። የዴንማርኩ አንደርሰን አገባ፤ የጓደኛው የዴሌኒ የእግር ጣት አልፎ ነበርና ተሻረ። ዴንማርኮች አለቀሱ፣ እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። አለፈ ካልን አለፈ ነው፤ አንድ ጣት ይለፍ ካልን ነገ ስለ ሁለተኛው ጣት እንጨቃጨቃለን። ትንሽ ቆይቶ የጀርመኑ ራውም ያሻገረው ኳስ ራሱን የአንደርሰንን እጅ ነካ። ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ልብ ምት የሚዘል መስመር አሳዩን። ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሃቨርትስ፣ ጎል። እዚህ ላይ አልስማማም። ሴንሰሩ የነገረን እጁን መንካቱን ነው። ጥፋት መሆኑን አልነገረንም፤ ሊነግረንም አይችልም። በዚያ ርቀት፣ በዚያ ፍጥነት እጁን የት ያድርገው? ያ የሚዘለው መስመር ዳኛው ላይ ጫና ይፈጥራል። ማስረጃ ስለሚመስል ክርክሩን ይዘጋዋል።

ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ ምን እንደሚሆን በአህጉራችን አይተናል። ግንቦት 2019፣ ራዴስ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ። የሞሮኮው ዋይዳድ ተጫዋች ኤል ካርቲ በቱኒዚያው ኤስፔራንስ ላይ ያስቆጠረው ጎል ተሻረ። ተጫዋቾቹ ቫር ይታይልን አሉ። ቫሩ አይሠራም። ዋይዳዶች አንጫወትም ብለው ቀሩ፣ ጉዳዩ እስከ ስፖርት ፍርድ ቤት ሄደ። እኔ የማስበው ስለ ረዳት ዳኞቹ ነው። ማሽን ያግዛችኋል ተብለው ገብተው፣ ሌሊቱን ሙሉ ብቻቸውን ቀሩ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ግን የዘገየ ባንዲራ ነው። ቫር ካለ ረዳት ዳኛው ጠባብ ኦፍሳይድ ሲያይ ጥቃቱ እስኪያልቅ ባንዲራውን ሳያነሳ እንዲቆይ ይታዘዛል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በስህተት ከተነሳ ጎሉ ላይመለስ ነው። ነገር ግን ባንዲራው እስኪነሳ ተጫዋቾቹ በሙሉ ጉልበታቸው እየሮጡ ነው። በግንቦት 2025 ኖቲንግሃም ፎረስት ከሌስተር ሲጫወት የፎረስቱ ኤላንጋ በግልጽ ኦፍሳይድ ነበር። ባንዲራ አልተነሳም። ኳሱን አሻገረ፣ የቡድን ጓደኛው አዎኒዪ ሲደርስበት ከጎሉ ብረት ጋር ተላተመ። ሆዱ ክፉኛ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሞቹም በመድኃኒት ኮማ ውስጥ አቆዩት። ያ ጥቃት ገና ሲጀመር መቆም የነበረበት ጥቃት ነው።

ከዚያ ወር በኋላ በአሜሪካ በተካሄደው የክለቦች ዓለም ዋንጫ አንድ ነገር ተሞከረ። ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ያለፈ ተጫዋች ኳሱን ሲነካ ለዳኞቹ ወዲያው በጆሯቸው ምልክት ይደርሳቸዋል። ሊጎች ሁሉ ይሄንን በፍጥነት እንዲያስገቡት እፈልጋለሁ። ጠባቡን ቫር ይመልከተው፤ ይጠበቅ። በግልጽ ላለፈው ግን ረዳት ዳኛው ማንንም ሳይጠብቅ ባንዲራውን ያንሳ።