ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምን በማደንዘዣ መርፌ ስይዝ የተማርኩት

ሆዱ የተከፈተ ሰው ዝም ብሎ ሲተኛ ብዙም ላያመው ይችላል። ጭንቁ ሲያስል፣ በረጅሙ ሲተነፍስና ከአልጋ ሲነሳ ነው። ስለዚህ «ያምዎታል?» ብዬ ብቻ አልሄድም፤ «እስቲ አንዴ ያስሉ» እላለሁ። ሕመሙን ፈርቶ የማያስል ሰው አክታው ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምችም ሊይዘው ይችላል።

የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ድሮ የምተማመነው በሞርፊን ነበር። ሕመም ያስታግሳል፤ ግን ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ አንጀትንም ያዘገያል። ታፕ ብሎክ የሚባለውን፣ የሆድ ግድግዳ ነርቮችን የሚያደነዝዝ መርፌ የጨመርኩት ለዚህ ነው።

ሕመምተኛው ገና ሰመመን ላይ እያለ የጎኑን ሦስት የጡንቻ ንጣፎች በአልትራሳውንድ አያለሁ። የሆድን ግድግዳ ሕመም የሚያስተላልፉት ነርቮች የሚያልፉት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። መርፌው ቦታውን ካገኘ፣ መድኃኒቱ ሲገባ ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይከፈታሉ። ጡንቻው ራሱ ካበጠ ቦታው አይደለም፤ መርፌውን አስተካክላለሁ።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው መጠኑን ነው። ቡፒቫኬይን ለሚባለው ማደንዘዣ በኪሎ ከ2 ሚሊግራም አላልፍም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጣሪያው 120 ሚሊግራም ነው። ከ0.25 በመቶው (በሚሊሊትር 2.5 ሚሊግራም ያለው) በየጎኑ 20 ሚሊሊትር ስሰጥ 100 ሚሊግራም ደረሰ ማለት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ የወጋውም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መርፌ ከማንሳቴ በፊት እጠይቀዋለሁ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከበዛ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፤ ሲብስ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ የልብ ምት ይዛባል። የተኛ ሰው ደግሞ ከንፈሬ ደነዘዘ አይልም! መርፌውን ስስብ ደም አለመምጣቱን እያየሁ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ፣ ዓይኔን ከሞኒተሩ ሳልነቅል እሰጣለሁ። ማርከሻው፣ 20 በመቶው የቅባት መድኃኒት፣ እዚያው ክፍል መኖሩን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ።

ብሎኩ የሚይዘው የግድግዳውን ሕመም እንጂ ከውስጥ የሚመጣውን ቁርጠት አይደለም። ይህን ለሕመምተኛው ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ አለበለዚያ መርፌው አልሠራም ብሎ ይደነግጣል። ለቁርጠቱ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ደግሞም ከሰዓታት በኋላ ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ በሌሊት። ማስታገሻ መፈለግ ያኔ ከተጀመረ ዘግይቷል። የሚከለክል ነገር ከሌለ ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ፣ አመመኝ እስኪል ሳይጠበቅ እንዲሰጥ አዛለሁ። ብሎኩ የተሰጠበትን ሰዓትም ካርዱ ላይ በጉልህ እጽፋለሁ፤ የሌሊቷ ነርስ መቼ እንደሚለቅ ገምታ አስቀድማ እንድትዘጋጅ።