ረቂቅ ማለት ያላለቀ ማለት አይደለም

የነገሮችን መልክ ሳይኮርጅ በቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ ብቻ ለሚሠራ ሥዕል (አብስትራክት) የተሰጠው «ረቂቅ ሥዕል» የሚለው ስያሜ ሥዕሉን ሳይጎዳው አልቀረም። ረቂቅ አዋጅ፣ ረቂቅ ሰነድ ሲሰማ ለኖረ ሰው ረቂቅ ማለት ገና ያልጸደቀ ነገር ነው። ቃሉ ግን ስስ፣ ጥልቅ፣ በቀላሉ የማይጨበጥ ማለትም ነው።

የሠዓሊውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ረቂቅ ሥዕሎች አይቶ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 የተማረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። የተወለደው ግን በዚያው አቆጣጠር በ1932 ሐረር ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታም ብራና የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። የብራና ሥዕልን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጥላ የለው፣ ርቀት የለው። ቀዩና ቢጫው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የሚለያቸው ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ቅዱሳኑን ከላዩ አንሡ፤ የሚቀረው ረቂቅ ሥዕል ነው።

የጀጎል፣ የጥንቷ ሐረር፣ የቤት ግድግዳም እንደዚያው ነው። ኖራው በየጊዜው ስለሚደረብ፣ ሲላጥ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊው፣ ከሰማያዊው ሥር ነጩ ብቅ ይላል። ለእኔ ሥዕል እንዲህ ነው መሆን ያለበት፤ ላዩን የሚሸከም ሥር ያለው።

አብዛኛው የእኛ ረቂቅ ሥዕል የሚበላሸውም ከሥሩ ነው። የምትሥሉበት ጨርቅ አቡጀዲ ከሆነ መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ከፋብሪካ የመጣው ስታርች ካልወጣ ኮላው በደንብ አይገባም። ፍሬሙ ላይ ስትወጥሩ ከአራቱም ጎን መሐል ጀምሩ፤ ከማዕዘን የተጀመረ ይጨማደዳል። ከዚያ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሦስት እጅ ውኃ አቅጥናችሁ ቀቡ። ሲደርቅ አንድ እጅ ኮላ፣ አንድ እጅ ውኃና አንድ ተኩል እጅ የጠመኔ ዱቄት አዋህዳችሁ ሁለት ጊዜ ደርቡ፤ አንዴ በአግድም፣ አንዴ በቁመት። ጠመኔው ከበዛ ሸራው ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

በዘይት ቀለም የታችኛው ድርብ በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው የተልባ ዘይት የበዛበት ይሁን። ከተገላበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል። በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም በዘይት ቀለም ላይ ጭራሽ አይሞከርም፤ ይላጣል።

ድሬዳዋ ላይ አክሪሊክ ሌላም ጣጣ አለው፤ በቀትር ሙቀት ሁለት ቀለም ሳይዋሃድ ብሩሹ ላይ ይደርቃል። መፍትሔው ማልዶ መሥራት፣ ሸራውን በመርጫ ማራስ፣ ቀለሙንም እርጥብ ጨርቅ በተነጠፈበት ትሪ ላይ መያዝ ነው። ነፋስ ሲነሣ መስኮት ዝጉ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ ግን ለመጥረግ አትቸኩሉ፤ ይድረቅና በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል።