አይጠየፍና ተጠያፊው

ቤት ውስጥ ስሜ «ተጠያፊው» ነው። ያወጣችልኝ ባለቤቴ ናት። በሰው ኩባያ አልጠጣም፣ ሆቴል ሳድር የራሴን አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ጉርሻ የሚባል ነገር ከእናቴ በቀር ከማንም አልቀበልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሎን በሳይክል ሊያይ የተነሳው ሰው ማን እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ጊዜው ጥቅምት 2012 ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባሕር ማዶ ሰዎች በወይን እርሻ መሀል፣ በኮረኮንች መንገድ፣ ወንዝ ተከትለው ሳይክል ሲነዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። እኔም ወንዝ አላጣንም ብዬ ካርታ አወጣሁ። ቦርከና ደሴን አቋርጦ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻን ያልፋል፤ የጨፋን ሜዳ ያጠጣና ወደ አዋሽ ይሄዳል። አብሬው እወርዳለሁ፣ ከሚሴ ስደርስ በቃኝ። ውኃ ሽቅብ አይሄድ፣ እኔንም ዳገት አይገጥመኝ። የባሕር ዳር ልጅ ሒሳብ ነው። እኛ ጋ ተማሪውም ሠራተኛውም ዳቦ ገዢውም በሳይክል ነው። ዳገት ካሰኘህ ቤዛዊት አለችልህ፤ እሷንም የምንወጣት እንግዳ ሲመጣ ነው።

በወልዲያ ዞሬ ደሴ ስገባ ሰኞ መሽቶ ነበር። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። መናኸሪያ አካባቢ ያገኘሁት ሆቴል አልጋው 200 ብር ነው አለኝ። ከፈልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣

«ለሱ ደግሞ 50 ብር» አለች።

«ለማን?»

«ለሳይክሉ። ክፍል ውስጥ አይደል የሚያድረው?»

እሺ ግቢ ላቁመው ብል፣ ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም የሚል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በጣቷ አሳየችኝ። ከፈልኩ። ሌሊቱን ግን የተኛው ሳይክሉ ብቻ ነው። ከሥሬ ቡና ቤት ነበር። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው፤ እኔ ሁለቱንም በዚያች ሌሊት ከነማጉያቸው አዳመጥኳቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባቲው አልቆ አምባሰሉ ሲጀመር መለየት ችያለሁ። ቀን ቢሆን ነፍሴ ነው። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ። የሆቴሉን ብርድ ልብስ ልልበስ አልልበስ እያልኩ ስሟገት ነጋ። ቧንቧው ደረቅ ነበር። ፊቴን በታሸገ ውኃ ታጠብኩ።

ጠዋት፣ ከመውጣቴ በፊት፣ አይጠየፍ አዳራሽን ላየው ሄድኩ። በሩ ዝግ ስለነበር ዙሪያውን ዞሬው ተመለስኩ። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ እንደሚለው ማንንም አይጠየፍም፤ ጌታውም ሎሌውም ገብቶ ይበላበት ነበር ይባላል። ንጉሡ ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ክርስትና የተነሡ ሰው ናቸው። በ1906 ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አነገሣቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። እንዲህ ያለ ስም ካለው አዳራሽ ፊት ቆሜ እኔ ምን አደረግኩ? ከቦርሳዬ አልኮል አውጥቼ እጄን ጠረግኩና የራሴን ብስኩት በላሁ። ያኔ ኮሮና ገና አልመጣም። አንድ ሊስትሮ ልጅ ቆሞ አየኝ፣ አየኝና፣

«ጋሼ፣ ሐኪም ነህ?» አለኝ።

ቦርከና ደሴ ውስጥ ወንዝ አይመስልም። ፌስታልና የኦሞ አረፋ ተሸክሞ ሹልክ ብሎ የሚያልፍ ነገር ነው። ከከተማው ስወጣ እሱ በገደሉ በኩል ሄደ፣ እኔ በሐረጎ ጠመዝማዛ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ። ቁልቁለት ዕረፍት የመሰለው ሰው ይምጣና ይሞክረው። ፍሬን ይዤ ይዤ የሁለት እጄ ጣቶች እንደ ዶሮ እግር ኮረመቱ። ከፊቴ አንድ ተሳቢ አለ፤ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ረዳቱ ታኮውን ታቅፎ በር ላይ ተንጠልጥሏል። በየመታጠፊያው ዞር እያለ ያየኛል። እኔ ለእሱ ስሰጋ እሱ ለእኔ ይሰጋል። ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ። እዚያ አደርኩ፤ ሳይክሉን ማንም ሒሳብ አልጠየቀውም።

ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳሁ። ወደ ሐርቡ የሚወስደው አስፋልት የከባድ መኪና መንገድ ነው። አንዱ ሲያልፍ ሳይክሉ ብቻ ሳይሆን ልቤም ይወዛወዛል። ስለዚህ ወደ ወንዙ ወረድ ብዬ ገበሬው የሚሄድበትን ኮረኮንች ያዝኩ። ጉዞው የተጀመረው ያኔ ነው። ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ መሀሉ ስትገባ ሰማይና የፊትህ ጎማ ብቻ ነው የሚታይህ። በየእርሻው ማማ አለ፤ ማማው ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ አለ፤ ልጁ እጅ ላይ ወንጭፍ አለ። ጅራፍ የመሰለ ድምፅ «ጯ!» ይልና ወፎቹ እንደ ጨርቅ ተነሥተው ሌላ ማሳ ላይ ይነጠፋሉ። እዚያም ሌላ ልጅ «ጯ!» ያደርጋል። ሄልሜት ስላደረግኩ ሁሉም «ቻይና! ቻይና!» ይሉኛል። በአማርኛ ስመልስላቸው «ቻይናው አማርኛ ይችላል!» ብለው ለቀጣዩ ማማ አስተላለፉኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

ወይን ግን የለም። ወይን ያማረው ዝዋይ ይሂድ። እዚህ ያለው ጥንቅሽ ነው።

የግራር እሾህ የኋላ ጎማዬን የበሳው ከሐርቡ ካለፍኩ በኋላ ነው። ካላማዳሪ ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ የፊቱ ተበሳ። ሁለተኛውን መለዋወጫ ሳወጣ ከመጀመሪያውም ንፋስ አይይዝም። የገዛሁት ባሕር ዳር ነው፣ ዋስትና አለው ተብዬ። ማስቲሼ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ጠጠር ሆኗል። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የመንገዱ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ።

«አብሽር ጋሼ!» አለ አንድ ድምፅ ከላይ። ማማው ላይ ያለ ልጅ ነው፤ ቢበዛ 13 ዓመት። ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወረደ። ካላማዳሪውን ከእጄ ነጥቆ ወደ አንድ ቤት ሮጠ። ምን አማራጭ አለኝ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ ተከተልኩት።

ደጃፍ ላይ አንዲት እናት ቡና ይለቅማሉ። ቀና አሉ።

«ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሃል የኔ ልጅ? ግባ።»

«አይ እማማ፣ አመሰግናለሁ፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

«በሞቴ!»

ወሎ ውስጥ ከዚህ ቃል በኋላ ክርክር የለም። ገባሁ። ልጁ ከወንዝ በጀሪካን የተቀዳ ውኃ ሳፋ ላይ ገለበጠና ካላማዳሪውን ነከረው። ጥቃቅን አረፋ ከአንድ ቦታ ተንጣጣ። አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ እንደጫነ ሞተር ሳይክል ያለው ጎረቤት ዘንድ ማስቲሽ ፍለጋ ሄደ። እኔ የማስበው ያንን ውኃ ስንት መንገድ ተሸክመው እንዳመጡት ነበር። እሳቸው ግን የሚያስቡት ሌላ ነው። አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አይተው፣

«ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾመኛ ነህ። ቅቤ የነካው አላቀርብልህም» አሉ።

ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው። ግራ ገብቶኝ ሳያቸው ሳቁ። «እህቴ ክርስቲያን ነው ያገባችው። ረቡዕና ዓርብ ጠፍቶኝ አያውቅም።» እውነቱን ለመናገር ረቡዕ መሆኑን የረሳሁት እኔ ነበርኩ።

የማሽላ እንጀራ በሽሮ መጣ። አልኮሌ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዬ ሳይክሉ ላይ ነው፤ ሳይክሉ ደጅ ነው። እጄን አስታጠቡኝ። አንዴ ሁለቴ ቆንጥሬ እንደበላሁ እሳቸው ጠቅልለው እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ። እጃቸውን አየሁት። ጥፍራቸው በእንሶስላ ጠቁሯል፤ ሌባ ጣታቸው ላይ የጭስ ጥቁረት አለ፤ መዳፋቸው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሻክሯል። ጉርሻው ትልቅ ነው። ሽሮው በአንጓቸው በኩል ሊንጠባጠብ ነው። ባለቤቴ ብታየኝ ቪዲዮ ትቀርጸኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

ከዚያ ዕጣን ጨሰ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቡናው ቀረበ። ጨው ነበረበት። በቤታቸው ሲኒ አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ። በረካውን ሳልጠጣ ልነሳ ብል «በረካ ተጥሎ ይሄዳል?» ብለው ተቆጡኝ። ልጁ ማስቲሹን ይዞ እስኪመጣ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ቆርጦ እስኪለጥፍ፣ እስኪደርቅ፣ ወደ 9 ሰዓት ሆነ። 100 ብር አውጥቼ አጠገባቸው ላስቀምጥ ስል ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ቤቴን ሆቴል አደረግከው?»

የደሴዋ እንግዳ ተቀባይ ትዝ አለችኝና አፈርኩ። ልጁ ግን አላፈረም። ሳይክሉን ልንዳው አለ። በማሽላው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ነድቶ፣ አንዴ ወድቆ፣ እየሳቀ መለሰልኝ። ሲሸኘኝ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ቆርጦ ዕቃ መጫኛዬ ላይ በላስቲክ አሠረልኝ።

የጨፋን ሜዳ ያለፍኩት በጥድፊያ ስለሆነ ብዙ የምለው የለኝም። ረግረጉ ለምለም ነው፤ በጋው ሲጠና አፋሮች ከብታቸውን ይዘው የሚመጡት ለዚህ ሣር ነው። ቦርከና እዚህ ሲደርስ ደሴ ላይ ያየሁት ያ ፌስታል ተሸካሚ አይመስልም፤ ሰፍቷል፣ ተረጋግቷል። ሁለት ቦታ ዳገት ገጥሞኝ ሳይክሉን ገፍቻለሁ። ወንዙ በየት እንዳለፈ እሱ ያውቃል።

ከሚሴ ሲመሽ ገባሁ። ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ አስቀድሜ ጠየቅኩ።

«ለሳይክሉስ ስንት ነው?»

ልጅቷ ዘበኛውን አየችው፤ ዘበኛው እኔን አየኝ።

«ሳይክልም አልጋ ይይዛል እንዴ?» አለች።

ዘበኛው ግን ዓይኑ ጥንቅሹ ላይ ነበር። አንዱን መዘዝኩና ሰጠሁት። በጥርሱ ልጦ ግማሹን ሰብሮ መለሰልኝ። ደረጃው ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማኘክ ጀመርኩ።