የጎፍ ደን ላይ የተማርኩት፦ የፏፏቴ ጉዞ የሚታቀደው ከመመለሻው ነው

ሰላም ለእግር ጉዞ ወዳጆች። ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ለጀማሪ፣ ለልጆችና ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ወላጆች የሚሆን ቀላል የደን ጉዞ ማቀድ እየተማርኩ ነው፤ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ። የምለማመደው ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የጎፍ በሚባል ተራራ ደን ውስጥ ነው፤ ልምምዴም አንድ ዓይነት ነው፦ በደን ውስጥ ወርዶ ፏፏቴ ማየት፣ ትንሽ አረፍ ማለት፣ ከዚያ ማንም እግሩን ሳይጎትት ለምሳ ቤት መግባት።

ወሎ ላይ ይህን ከባድ የሚያደርገው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሰው የሰፈረው፣ መኪና የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከአፋፉ ስር። ተራራ የሚወጣ ሰው ቢደክመው ካለበት ዞሮ ቁልቁል ይመለሳል። ፏፏቴ ሊያይ የሚወርድ ግን ጉልበቱን ቁልቁለት ላይ ጨርሶ ዳገቱን በመጨረሻ ያገኘዋል። ስለዚህ መንገድ ስመርጥ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የማየው ሲመለሱ ስንት ሜትር እንደሚያስወጣ ነው።

ለስሌቱ የምጠቀመው የስኮትላንዱ ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ደንብ ነው። በዛሬ መለኪያ ሲቀመጥ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይደመራል። መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ፏፏቴው ከመነሻው 350 ሜትር ዝቅ ቢል፣ ለመመለስ ሜዳው 36 ደቂቃ፣ ዳገቱ 35 ደቂቃ፣ በድምሩ 71 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ለለመደ እግር ነው። ልጆች ካሉበት ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ቁልቁለቱም እርጥብ ከሆነ ፈጥኖ አይወረድም፤ ለእሱ አንድ ሰዓት፣ ፏፏቴው ስር ለመቀመጥ ሌላ አንድ ሰዓት። ጠዋት 2 ሰዓት የተነሳ ቡድን 6 ሰዓት ሳይሞላ ላይ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ስለሚከብድ ይህ ሰዓት ይመቸኛል።

ካርታ ማንበቡን በስልክ ነው የተማርኩት፤ ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን ኦስምአንድ (OsmAnd) የተባለ የካርታ መተግበሪያ ቀድሜ አውርጄ። ሰማያዊው የጅረት መስመር የከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ተጣብቀው የተደረደሩበትን ቦታ ሲያቋርጥ፣ እዚያ ውሃው ይዘላል ወይም በኃይል ይወርዳል ማለት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ የተሰመሩ ከሆነ የ15 ሜትር ገደል በሁለት መስመር መሃል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ካርታው ላይ ገር የሚመስል ቁልቁለት እግር ሲደርስበት ገደል ይሆናል።

ያንን ክፍተት የሚሞላው የአገሬው ሰው ነው፤ ግን አጠያየቁ ይወስነዋል። «ሩቅ ነው?» ካላችሁ መልሱ «አብሽር፣ እዚሁ ነው» ነው፤ በየሳምንቱ በእግሩ ገበያ ለሚወጣ ሰው በእርግጥም እዚሁ ነው። የጎፍ ላይ አፋፉ ጥግ ከብት የሚጠብቁ አባት አግኝቼ «አባባ፣ ከብት በዚህ ይወርዳል?» አልኳቸው። «ላም አትወርድም ልጄ፣ ፍየል ናት የምትወርደው። ላሞቹ በዚያ በወይራው ዞረው ነው ውሃ የሚጠጡት» አሉኝ በበትራቸው እያሳዩ። በወይራው ስንዞር መንገዱ ሰፊ፣ የከብት ኮቴ ደረጃ ደረጃ ያደረገው፣ መታጠፊያው ላይ ሁሉ ማረፊያ ያለው ሆኖ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ይኸው ነው። አህያ ጭነት ይዛ የምትወጣበት መንገድ ልጆችን ያስሄዳል። ላም የምትወርድበት ለአዋቂ ጀማሪ ይሆናል። ፍየል ብቻ የምትወርድበትን እተወዋለሁ፣ ፏፏቴው የቱንም ያህል ቢያምር።

የጎፍን ለልምምድ የመረጥኩት ለከተማ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻን ከላይ የሚያየው ይህ ተራራ የተፈጥሮ ደንና የተተከለ ደን ጎን ለጎን ይዟል፤ ሁለቱ ለእግር የተለያዩ ናቸው። ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ በተተከለበት መሬቱ በደረቀ ቅጠል ተሸፍኖ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል፤ የሚያዝበትም ቁጥቋጦ የለም። የሐበሻ ጥድና ወይራ ያለበት ጥላው ቀዝቃዛ፣ መሬቱ ሥር የያዘው ነው፤ ግን አጋምና ቀጋው እጅ ይቧጥጣል፣ እርጥቡ ጥግ ላይ ሳማ አለ። ረጅም ሱሪ የምለው ለዚህ ነው። የሄድንበትን ፏፏቴ በትክክል የት እንደሆነ የማልጽፈው መንገዱ የሰው ማሳ ጠርዝ ይዞ ስለሚያልፍ ነው። የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ቀበሌውንና የደን ጠባቂዎቹን ያናግር፤ የአካባቢውን ሰላምም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስለ ፏፏቴው አፋፍ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የወሎ ደጋ ጥንት እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ያፈሰሰው ድንጋይ እንደ እንጀራ የተነባበረበት ነው። ጠንካራው ንብር ከላይ ይቀራል፤ ከስሩ ያለውን ለስላሳ አፈር ውሃው እየቦረቦረ ይወስደዋል። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ጽኑ የሚመስለው ጫፍ ከስሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ የሚነሳው ከታች፣ ከጎን ሆኖ ነው። ይህን ለልጆች ገና መነሻው ላይ እነግራቸዋለሁ፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚሰማ የለም።

ወቅቱን በተመለከተ ለእኔ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን የሚስተካከል የለም። ክረምቱ ወጥቷል፣ ውሃው አልቀነሰም፣ ሜዳው አደይ አበባ ነው። በጥር ብዙው ትንሽ ጅረት ድንጋይ ላይ የቀረ እርጥበት ብቻ ይሆናል። በልግ ሲዘንብ ውሃው ይመለሳል፤ ያኔ የሚያሰጋው ደራሽ ጎርፍ ነው። እኛ ያለንበት ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ምሳ ሳይታሰብ ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

ዋናን አልፈቅድም። በቆላና በወይና ደጋ ውሃ ዝግ በሚልበት ጥግ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፣ መጠጣት አያስፈልገውም። ፏፏቴው በኃይል ቢወርድም ከስሩ ያለው ኩሬ ዳርና ዳር የተኛ ውሃ ነው።

ስንቅ ቀላል ነው፦ ጭብጦ፣ ቆሎ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። ከውሃው ግማሹ ለዳገቱ ሳይነካ ይቀመጣል። ቡድኑን ሲመለሱ የሚመራው በጣም ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ነው፤ ሌላው ከኋላው። ወላጆች ይህን ሲያዩ «እኔ ነኝ የማስቆማችሁ» የሚለው ሐሳብ ይቀርላቸዋል፣ ወሬውም ይደምቃል።

አሁን እያጠናሁ ያለሁት ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ ሎጎ ሐይቅ የሚወርደውን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ነው። ይኼኛው የሚመቸኝ ላይ ተነስቶ ታች በመኪና መመለስ ስለሚቻል፣ ዳገቱ ስለሚቀር ነው። የሄዳችሁበት ካላችሁ በጥቅምት ወንዙ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ እንዳለውና ላም በየት በኩል እንደምትወርድ ጻፉልኝ።