የትናንት ሩዝ

ረቡዕ ማታ ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ የጀመረ እስካሁን አላባራም። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ እስከ ካልሲዬ ርሻለሁ። ሐምሌ ስለሆነ ማንንም መውቀስ አይቻልም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ቤት ገብቼ በሩን እንደዘጋሁ ስልኬን አየሁ። አቴ ጽፋልኛለች፤ ቤይሩት ማዳም ቤት አብራኝ ተቀጥራ የሠራችው ፊሊፒናዊት። አንድ መስመር ብቻ።

«ኩማይን ካ ና?»

በልተሻል ወይ ማለቷ ነው። እነሱ ዘንድ እንደ ሰላምታ ነው፤ የኛ እናቶች «እህል ቀመስሽ?» እንደሚሉት። እንዴት ነሽ ብትለኝ ኖሮ «ደህና ነኝ» ብዬ እገላገል ነበር። እሱ አፍ የለመደው ውሸት ነው። በልተሻል ሲባል ግን ሆድ ራሱ ይመሰክራል። የኔ በዚያች ሰዓት ጮክ ብሎ ይመሰክር ነበር።

መጀመሪያ ልብላ፣ ከዚያ እመልስላታለሁ አልኩና ፍሪጁን ከፈትኩ።

ግማሽ ቲማቲም። ሁለት ቃሪያ። ሦስት እንቁላል። የሶያ ሶስ ጠርሙስ። በሳህን የተከደነ የትናንት ሩዝ። እንጀራም አለ፣ ግን አራተኛ ቀኑ ነው፤ ጠርዙ ላይ ማየት ያልፈለግኩትን አረንጓዴ ነገር አይቼ መልሼ ሸፈንኩት። ነገ እጥለዋለሁ። (ትናንትም እንዲሁ ብዬ ነበር።)

እህቴ ብታየው «ባዶ ፍሪጅ» ትለው ነበር። እኔ ግን ራቴን አየሁ። ያደረ ሩዝ ካለ ራት አለ። ይህን ያስተማረችኝ አቴ ናት።

ስለ አቴ ሳላወራ የምቆይ ሰው አይደለሁም። አቴ ግን ስሟ አይደለም። በታጋሎግ ታላቅ እህት ማለት ነው። ቤይሩት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከጎረቤት በረንዳ አንዷ ፊሊፒናዊት «አቴ! አቴ!» እያለች ስትጣራ ሰምቼ መጥረጊያዬን ጥዬ ሮጫለሁ። «እቴ» የምትል ሀበሻ መስላኝ። ስደርስ እሷና የኛ ቤቷ ፊሊፒናዊት በማላውቀው ቋንቋ ይሳሳቃሉ። ተመልሼ መጥረጊያዬን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ግን የኛ ቤቷን እኔም አቴ አልኳት። አፌ ላይ ከእቴ ብዙም አልራቀም።

ያደረውን ሩዝ በነጭ ሽንኩርት ይጠብሱታል፤ ሲናንጋግ ይባላል። አገራቸው የቁርስ ምግብ ነው። በቃ የነሱ ፍርፍር በሉት። ያደረ እህል መጣል ነውር የሆነበት ቤት ሁሉ አንድ ፍርፍር አይጠፋውም።

ነጭ ሽንኩርት ስድስት ሰባት ፍሬ ይከተከታል። ዘይቱ ሳይግል፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ፣ አብሮ ይገባል። እሳቱ ትንሽ ይሁን። ወርቅ መምሰል ሲጀምር ግማሹን በማንኪያ አውጥታችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ከላይ የሚበተነው እሱ ነው። ከጠቆረ መረረ ማለት ነው፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። ከዚያ ሩዙን በእጅ እየፈረፈሩ መጨመር፣ እሳቱን ከፍ ማድረግ፣ ጨው። አለቀ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሩዙ የግድ ማደር አለበት። የዕለቱ ሩዝ ገና ውሃ ይዟል፤ መጥበሻ ላይ ሲወጣ እርስ በርሱ ይያያዝና ገንፎ ይሆናል። ያደረው ግን ቀዝቅዞ፣ ደርቆ፣ ጠንክሮ ፍሬ በፍሬ ይበተናል። ማደር ያለበት ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ያውም ከምድጃ ወርዶ ብዙ ሳይቆይ። ውጭ ያደረ ሩዝ ሆድ አይምርም። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ካደረ ደግሞ ሩዙን እርሱት፣ ዳቦ ግዙ።

እኔ የራሴን እጨምርበታለሁ። ቃሪያ እከትፋለሁ። አንድ ማንኪያ ሶያ ሶስ በመጥበሻው ዳር ዳር አፈስበታለሁ፤ ሩዙ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ፣ ቸስ ብሎ እንዲሸት። ከላይ እንቁላል። ነጩ ዳር ዳሩ እስኪንጣጣ ይጠበስ፣ አስኳሉ ግን እንዳይረጋ። ሲወጉት ሩዙ ውስጥ መፍሰስ አለበት። ዛሬ በጣም አምሮልኝ ነበር።

ከታች ያለችው ጎረቤቴ ሽታው ሲደርሳት «ዛሬም ቻይና ነው?» ትለኛለች። እዚህ አገር ከህንድ ወዲያ ያለው ሁሉ ቻይና ነው። ፊሊፒን ነው ብዬ አንድ ሁለቴ ላርማት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

የሰሊጥ ዘይት ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ሱፐርማርኬት አንስቼው ዋጋውን አይቼ በክብር መልሼ አስቀመጥኩት። የሁመራ ሰሊጥ በመርከብ ተጭኖ ቻይና ይሄዳል። ያቺ ጠርሙስ ተመልሶ የመጣ የሁመራ ልጅ ከሆነች የደርሶ መልስ ቲኬቷን እኔ እንድከፍል ተፈርዶብኛል። ስለዚህ ሰሊጡን ከጉሊት ገዝቼ፣ በደረቅ መጥበሻ ቆላ አድርጌ፣ በሙቀጫ ሰለቅ ሰለቅ አድርጌ እበትንበታለሁ። ሽታው ያው ነው። እንዲያውም ይሻላል።

ሶያ ሶሱንም አያቴ ብትኖር ሁለት ደቂቃ ውስጥ ትረዳው ነበር። አኩሪ አተርና ስንዴ በጨው ውሃ ለወራት ሲቦካ ነው እንዲያ የሚሆነው። እሷ ለሁዳዴ ስልጆ ስታዘጋጅ ባቄላውን ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር አብኩታ በእንስራ ደፍና ማንንም አታስነካም ነበር። ሁለቱም ያው የባልቴት ትዕግሥት ነው። እኛ ስልጆውን ረሳንና ሶያ ሶሱን በጠርሙስ ገዛን።

ሩዙ ግን የኛው ነው። የፎገራ። አጠር ደልደል ያለ፣ ለዚህ ነገር የሚመች። እሱም ቢሆን ታሪክ አለው። በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች ናቸው ፎገራ ሜዳ ላይ ያስጀመሩት። ያ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ ብዙ እህል አይወድም፤ ሩዝ ግን ወደደው። እነሱ ካመጡት ዝርያ አንዱ እስካሁን «ኤክስ-ጅግና» ይባላል፣ በአካባቢው ባለችው ጅግና በምትባል ቦታ ስም። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራም ይሆናል። እና አስቡት፤ በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃን ለደቡቡ እንዲዋጋ ላክን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከሰሜኑ ሩዝ መጣልን። ማን ነው ታሪክ ቂም ይይዛል ያለው?

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ራት።

ሩዙን በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ፣ ማንኪያ ይዤ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ማንኪያ ሳልጎርስ ይህ ሐሳብ መጣብኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ከተመለስኩ ጀምሮ ለምንድን ነው ወጥ የማልሠራው?

አልችልም እንዳትሉኝ። የእማዬ ልጅ ነኝ፣ ቁሌት ላይ አልቸኩልም። ዘይት ሳይነካው ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ እስኪበስል የምጠብቅ ሰው ነኝ። ግን እስቲ ለአንድ ሰው ዶሮ ወጥ የሠራ አሳዩኝ። ዶሮ 12 ብልት ነው። እንቁላሉም 12። ሽንኩርቱ በኪሎ። ለአንድ ሰው? ዘመድ ጠርቼ ካልሆነ በቀር ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ከአንዲት ዶሮ ጋር ልንተያይ ነው።

ሽሮ አትበሉኝ። ሽሮ የወንደላጤ ምግብ መሆኑን አውቃለሁ። ሽሮ ግን እንጀራ ይፈልጋል። እንጀራ አንድ ብቻ ስጡኝ ብዬ ሱቅ ስቆም ሻጩ የሚያየኝን አስተያየት እኔ ነኝ የማውቀው። እና አምስት እገዛለሁ። ሁለቱን እበላለሁ፣ ሦስቱ ሻጋታ ያበቅላሉ። ያው እንዳያችሁት።

ደግሞ ትሪው ክብ ነው። ክብ ነገር ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲቀርብ የቀረው ጎን ሁሉ ባዶ ሆኖ ይታያል። ከፊቴ ቆርሼ ስበላ ማዶ ያለው እንጀራ ሳይነካ ይቀመጣል፣ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስል። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ግን ማንም አልጎደለም። ማዶ የለውም። ስልክ ፊት ለፊት ተደግፎ፣ በማንኪያ፣ በአሥር ደቂቃ።

እማዬ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትል ነበር። ያኔ ስለ ስስት ነበር የምታወራው፤ ብስኩት ደብቄ ስበላ ነው የያዘችኝ። አሁን ትዝ ሲለኝ ስለ ኪራይ ቤት የተባለ ይመስለኛል።

የአቴ ሌላው ምግብ አዶቦ ነው። የዶሮ እግር በሶያ ሶስ፣ በአቼቶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ይቀቀላል። እንግዲህ አቼቶው ከገባ በኋላ ፈልቶ የጥሬ ሽታው እስኪወጣ ድረስ ማማሰል ክልክል ነው። ማንኪያ ይዤ ስጠጋ እጄን ትመታኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከድስት አጠገብ ዞር ካልሽ አረረ እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ። ተይው፣ ራሱ ይበስላል ትለኛለች። ድስት ብቻውን የሚተውበት አገር አለ ብዬ አላስብም ነበር።

ግን እዚህ ላይ ራሴን ያዝኩ። ይህን ሩዝ የአንድ ሰው ምግብ ያደረግኩት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም። አቴ ነግራኛለች፤ አገሯ ድግስ ሲሆን የሙዝ ቅጠል ጠረጴዛው ሙሉ ይዘረጋል፣ ሩዙ መሐል ላይ ይከመራል፣ ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ በእጁ ይበላል። በእጁ! መጀመሪያ ስትነግረኝ አቅፌያታለሁ። ማዳም ቤት በእጃችን ስንበላ ልጆቹ እንደ ትርኢት ቆመው ያዩን ነበር።

እኛም የበላነው እንደዚያው ነው። ሌሊት፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ። ማዳም «ጣሉት» ያለችውን የምሳ ሩዝ አቴ ፍሪጁ ጥግ፣ ከጎመን ጀርባ ትደብቀዋለች። መብራት ሳናበራ፣ በምድጃው እሳት ብቻ፣ ድምፅ እንዳይሰማ መጥበሻውን በፎጣ ይዘን፣ ቆመን ከመጥበሻው ላይ እንበላለን። የመጀመሪያው ቀን አጎረስኳት። ደንግጣ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ በምን ቋንቋ ላስረዳት? ዝም ብዬ ሁለተኛውን ጨመርኩላት። በማግስቱ እሷ ቀደመችኝ። ስታጎርሰኝ ግማሹ ሩዝ መሬት ላይ ተበትኖ እስከ ሰባት ሰዓት ሌሊት በጉልበታችን ተንበርክከን ስንለቅም ነበር።

4 ዓመት እንዲህ በላን። በ2012 የሊባኖስ ሊራ ወድቆ ማዳም ደመወዝ መክፈል ሲያቅታት እኔ ወደ ቦሌ፣ እሷ ወደ ዱባይ። 

ሩዝ ስቀቅል እስካሁን የምለካው በእሷ መንገድ ነው። ጣትሽን ሩዙ ላይ አቁሚ፣ ውሃው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ሲደርስ በቃ። ድስቱ ቢሰፋም ቢጠብም ግድ የላትም፣ ደግሞ ይሠራል። ሩዙን ደግሞ በኩባያ። ሁለት ኩባያ። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የኔ።

አሁን ይህን ስጽፍ ነው የቆጠርኩት። ትናንት ማታም ሁለት ኩባያ ነው የቀቀልኩት። ከትናንት ወዲያም። ባለፈው ሳምንትም። ለዚህ ነው ለካ እኔ ፍሪጅ ውስጥ የትናንት ሩዝ የማይጠፋው።

ይህን እያሰብኩ ሳህኑን ጨርሼ ስልስ እማዬ ደወለች። እሷም እንደ አቴ ናት፤ ሰላም ሳትል «ምን በላሽ?» አለች። እኔ ደግሞ ወሬው ሞቆልኝ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ስለ ሰሊጡ፣ ዳር ዳሩ ስለተንጣጣው እንቁላል አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ሮብ አይደል እንዴ?» አለች።

ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ምግብ ስፈላሰፍ፣ ኮሪያ ድረስ ሄጄ ስመለስ፣ ቀኑን ያየ የለም። ያውም የመጀመሪያው መስመር ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

የአቴ መልእክት እስካሁን እንደተከፈተ ነው። በልቻለሁ ልላት ነበር። አሁን ግን ነገሩን ሳልነግራት ልተኛ አልችልም። ካቶሊክ ናት፣ ጾም ታውቃለች፤ ዓርብ ዓርብ ስጋ አልነካም ስትል አይቻታለሁ። ግን «ገደፍኩ» የሚለውን በታጋሎግ ምን ብዬ ልጻፍላት?