አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሎግ ቡክ

መድኃኒት ፋብሪካ የሚመጣ ኢንስፔክተር በትልቁ ማሽን አይደነቅም። «ውሃችሁን አሳዩኝ» ነው የሚለው። እውነቱን ነው። ሽሮፑ የሚበጠበጠው፣ ዕቃው የሚታጠበው በዚያ ውሃ ነው። ውሃው ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የምሠራው ከአቃቂ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ፋብሪካ፣ ምዝገባ ክፍል ውስጥ ነው። ዶሴ፣ ማለትም የመድኃኒት ማስመዝገቢያ ሰነድ፣ አዘጋጅቼ ለውጭ አገር ተቆጣጣሪዎች እልካለሁ፣ ጥያቄያቸውን እመልሳለሁ፣ ከዚያ እጠብቃለሁ። አብዛኛው ሥራዬ መጠበቅ ነው። ሽሮፑ ያው፣ ፎርሙላው ያው። ግን ለእያንዳንዱ አገር ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ካርቶን። አንዱ የምዝገባ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ይታተም ይላል፣ ሌላው ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ይሁን ይላል። ሁሉም ደግሞ ፋብሪካውን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ይላል።

ይህን ጣጣ ለማቅለል አህጉሩ ከ2009 ጀምሮ እየሞከረ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ምክንያቱ ይመጣል።) የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2012 ጀመሩ። በ2013 ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ቦትስዋናና ናሚቢያ ዶሴ አብረው መገምገም ያዙና ከስማቸው ቆንጥረው «ዛዚቦና» አሉት። በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲን ስምምነት አጸደቁ። አሥራ አምስት አገሮች በየፊናቸው ካጸደቁት በኋላ በኖቬምበር 2021 ሥራ ላይ ዋለ። መቀመጫው ኪጋሊ ነው። ኤጀንሲው የየአገሩን ተቆጣጣሪ አይተካም። ሐሳቡ አንዱ የመረመረውን ሌላው ተቀብሎ እንዲሠራበት ነው። ወረቀቱ ላይ ሲያነቡት ደስ ይላል።

የእኛ ታሪክ የሆነው በጥቅምት 2016 ነው። በእኛው አቆጣጠር።

ከአንድ ጎረቤት አገር ሁለት ኢንስፔክተሮች መጡ። መሪያቸው ጠና ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ፋርማሲስት ናት። ቡናውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ ውሃ ክፍል ገባች። ታንኩን አየች፣ ቧንቧውን በዓይኗ ተከተለች፣ ከዚያ የሳኒታይዜሽን ሎግ ቡኩን፣ ቧንቧው ከጀርም የሚጸዳበትን መዝገብ፣ ጠየቀች። እኛ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ምርት ሲቆም፣ ውሃውን 80 ዲግሪ አድርሰን ቧንቧው ውስጥ እናዞራለን። ማን እንዳዞረ፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ ሁሉም በእጅ ይጻፋል። ባች ሪከርዱ (የእያንዳንዱ ዙር ምርት መዝገብ) እና የምርት ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ እንዲህ ያለው የጓዳ መዝገብ ግን በሐበሻ ነው። ማንም አዝዞን አይደለም፣ እንዲሁ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ሴትዮዋ ጣቷን መስመር ላይ አድርጋ ታነባለች። 27/12/15። ቀጥሎ 04/13/15። ቀጥሎ 05/01/16።

እሷ የታያት ይኸው ነው፦ ዲሴምበር 27 ቀን 2015። ከዚያ 13 የሚባል ወር ስለሌለ በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ኤፕሪል 13 መሆን አለበት፤ ማለትም መዝገቡ ስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ጃንዋሪ 5 ቀን 2016። ሁሉም ደግሞ የስምንት ዓመት ወሬ ነው። ሰዓቱ 3:00 ይላል። «ሌሊት ነው እንዴ የምታዞሩት? ማነው የሚቆጣጠረው?» አለች።

የኪው ኤ (የጥራት ማረጋገጫ) ኃላፊያችን ፊቱ ተለዋወጠ። ስለ ጳጉሜን ማስረዳት ጀመረ። በጥድፊያ ጳጉሜንን ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው። በዚያ ላይ የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች።

«ስለ አሥራ ሦስት ወራችሁ ሰምቻለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ሎግ ቡክ ላይ ግን አልጠበቅኳትም።»

ይኼኔ የውሃ ክፍሉ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ የመጨረሻውን ዓምድ እይ በያት።»

«ማስታወሻ» የሚለው ዓምድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። እሳቸው በገቡበት ቅዳሜ ሁሉ ግን ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አለበት፦ ሴፕቴምበር 2፣ 2023። ሴፕቴምበር 16፣ 2023። መሃል ያለችው የጳጉሜን ቅዳሜ የሌላው ባልደረባ ተራ ነበረች፣ ባዶ ናት። ሴትዮዋ ሁለቱን ይዛ መሃሉን ራሷ አሰላች። ሴፕቴምበር 9። ሰባት ቀን፣ ሰባት ቀን። ሰዓቱንም ጋሼ በጣታቸው ወደ ፀሐይ እያሳዩ አስረዱ፣ እኔ ተረጎምኩ። ሦስት ሰዓት ማለት የሷ ዘጠኝ ሰዓት ጠዋት ነው።

በኋላ ለምን እንደሚጽፉት ጠየቅኳቸው። የማጣሪያው ሜምብሬን የሚታዘዘው ከውጭ ነው፤ ዋስትናው የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው። አቅራቢው ጋ ሲጨቃጨቁ ቀን እየጠፋባቸው ነው የጀመሩት። መጀመሪያ ኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበር። ኪው ኤ አየና «ከቅጹ ውጪ መጻፍ ክልክል ነው» ብሎ ገሠጻቸው። በደንቡ ልክ ነው። ጋሼም አልተከራከሩም፣ ወደ ማስታወሻ ዓምድ ተዛወሩ። እዚያ መጻፍ ማን ይከለክላል?

ግኝቱ «ማይነር»፣ ማለትም ቀላል፣ ሆኖ ተጻፈ። ሴትዮዋ በመዝጊያው ስብሰባ ያለችው ልቤ ውስጥ ቀርቷል። በካላንደራችሁ ጉዳይ የለኝም አለች፤ ችግሬ መዝገቡን ለማንበብ አጠገቡ የሚቆም ሰው ማስፈለጉ ነው። የእኔን ሪፖርት ሌላ አገር ተቀምጦ የሚያነበው ሰው እኚህን አዛውንት አያገኛቸውም።

ካፓውን፣ ማለትም ለግኝቱ የሚሰጠውን የማስተካከያ ዕቅድ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ቅጽ ሁለት የቀን ዓምድ አለው፣ ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። መልሱ ላይ የአገራችንን የምግብና የመድኃኒት አዋጅ መጥቀስ ነበረብኝ፤ አማርኛው 1112/2011 ይላል፣ እንግሊዝኛው 1112/2019። አንድ አዋጅ ነው። ሁለቱንም ጻፍኩና ግርጌ ላይ ማብራሪያ ጨመርኩ። እንደ ጋሼ ማለት ነው። ቦይለር ክፍል ያለው ልጅ ግን አዲሱ ቅጽ በገባ ሰሞን 9:00 ብሎ ጽፎ ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነበር፤ እሱን ለማስለመድ ትንሽ ጊዜ ፈጀ።

የኢንስፔክተሮቹ አገር መድኃኒቱን መዘገበ። እኔም ደስ ብሎኝ ሪፖርቱን ለሌላ ጎረቤት አገር ተቆጣጣሪ ላክሁ፤ ይህንኑ ተቀብላችሁ ጉብኝቱን ብትተዉልንስ ብዬ። መልሱ ቶሎ መጣ። ሪፖርቱ ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን፣ ግን የእኛም ቡድን መጥቶ ማየት አለበት ይላል። የጉብኝቱ ክፍያና የሁለት ሰው ሆቴል በእኛ ነው። ቀኑን እንድንመርጥ ጠየቁን፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ላክሁላቸው።